ያላዘዘ ስለ መሆኑ

በሕይወቴ የጠየቅሁት ነገር በጊዜው መጥቶልኝ አያውቅም። ከጫግኒ ወደ እንጅባራ ለመዛወር አመልክቼ እሽታ እስካገኝ ድረስ አራት ዓመት ፈጅቷል። የለመኑት ሲዘገይ መናደድ ያለ ነው። ያልለመኑት ነገር ግን ተጠቅልሎ፣ ስምዎ ተጽፎበት፣ ቀኑን ሳያዛንፍ ሲመጣ ምን ይባላል? አባቶች «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ያሉት ስለ ሰው ነበር። ለዕቃም እንደሚሠራ እኔ በራሴ ላይ አየሁት።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሽማግሌዎቹ ዛሬም ቆሰበር በሚሏት በእንጅባራችን፣ ፖስታ ቤት አንዲት ሳጥን ተከራይቻለሁ። ስከራያት ሐሳቤ ትልቅ ነበር። ኢንተርኔት ቤት እየገባሁ ላገኘሁት የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ሁሉ ስሜንና የሳጥኔን ቁጥር ስሞላ ከርሜ፣ መልሱ ሲጎርፍ ማረፊያ እንዳያጣ ብዬ ነው። መልሱ አልጎረፈም። ሳጥኗን ሸረሪት ወረሳት።

አንድ ዝናባማ ጧት የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ እትዬ ጥሩወርቅ «ከውጭ አገር ዕቃ መጥቶልሃል» ብለው ላኩብኝ። ልቤ አውሮፓ ደርሶ ተመለሰ። ጭቃውን እየዘለልሁ ሄድሁ። እትዬ ጥሩወርቅ መዳፍ የምታህል ግራጫ የፕላስቲክ ከረጢት አወጡ፤ የቻይና ጽሕፈት ሞልቶባታል። ስሜ አለበት፤ የአባቴም ስም አለ። «ፈርም» አሉኝ፤ ፈረምሁ። ከፈትኋት። የስልክ መሸፈኛ ናት፤ ያውም የትልቅ ስማርት ስልክ መሸፈኛ። የእኔ ስልክ ያን ጊዜ ከድምፁ ይልቅ ባትሪው የሚሠራ ባለ ቁልፍ ነበር። ብከተው እንደ ባቄላ በስልቻ ተንኳኳ።

ተሳስተው ነው ብዬ ተውሁት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሁለተኛው መጣ። ይህንን ለራሴ ጥፋት ቤት ወስጄ፣ በባለቤቴ በይታይሽ ፊት፣ ሽልማት እንደሚሰጥ ሰው እየተኩራራሁ ከፈትሁት። ከአንዲት ስስ ሳጥን ውስጥ ጥቁር፣ ፀጉራም፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተደረደሩ ነገሮች ብቅ አሉ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነፍሳት መስለውኝ እግራቸውን ልቆጥር ጎንበስ አልሁ። ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ነበር።

ይታይሽ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። መርፌ ልትወጋ ስትል ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ያን ዕለትም ዝቅ አደረገች።

«ለማን ነው?» አለች።

አላውቅም አልኋት።

«ስምህ ተጽፎበታል።»

ስሜስ ስሜ ነው፣ ግን አላዘዝሁም አልኋት።

«እኔ ሽፋሽፍት አለኝ» አለች። «የሌላት ማን ናት?»

እስኪ ይህን የሚመልስ ባል ካለ ይምጣ። የባሰው ደግሞ ጥያቄዋ ከእኔም ጭንቅላት አልወጣ ማለቱ ነው። በማግስቱ መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ፣ ሳላስበው የሴት ባልደረቦቼን ሽፋሽፍት በየተራ ስመረምር የታሪክ መምህርቷ ያዘችኝ። ምን ሆነህ ነው የምታፈጥብኝ አለችኝ። ዓይንሽ ውስጥ ጉድፍ ያለ መስሎኝ ነው አልኋት። ወሬው ከምሳ በፊት ጤና ጣቢያ ደረሰ። ይታይሽ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልጃችን ጋር መተኛት ጀመረች። እራት ይቀርባል፤ ንግግር አይቀርብም።

ሦስተኛው ዕቃ አራት ቀዳዳ ያላት የጨርቅ ልብስ ነበረች። ገልብጬ ሳያት ጎረቤታችን አያ ካሴ ደረሱ። አያ ካሴ ዕድሜያቸውን በፈረስ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ነገር ሁሉ የሚመዘነው በፈረስ ነው። ተቀብለው ዳሰሷት፤ ስፌቷን ሳቡት።

«ይህ ለአራት እግር የተሰፋ ነው» አሉ።

ለውሻ መሆኑን፣ በውጭ አገር ውሻ እንደሚለብስ ነገርኋቸው። አልገረማቸውም። የእኛስ ብርድ ምን ያንሰዋል አሉና፣ «እንግዲህ አንተ ውጭ አገር ሰው አለህ፤ ሰፋ ያለውን ለውርንጭላዬ አዝልኝ» አሉኝ።

«አያ፣ እኔ አላዝም። ዝም ብሎ ነው የሚመጣው።»

«እንግዲያው ዝም ብሎ እንዲመጣ ንገራቸው» ብለው ሄዱ።

በሳምንቱ ከተማው ሁሉ የቻይና ነጋዴ አደረገኝ። የባጃጅ ሾፌር መንገድ ላይ አቁሞ መስታወት አስመጣልኝ ይለኛል፤ ቄሰ ገበዙ ስለ መብራት ይጠይቁኛል። አላዘዝሁም ስል ደብቆ ሊከብር ነው ይሉኛል። ምሥጢሩን የፈታልኝ የትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር መምህር ነው። የውጭ ሻጮች ገበያቸው የደራ እንዲመስል፣ ከየትም ባገኙት ሰው ስም ርካሽ ዕቃ ይልኩና ራሳቸው በዚያው ሰው ስም ምስጋና ይጽፋሉ አለኝ። ፈልጎም አሳየኝ። በእንግሊዝኛ፣ በስሜ፣ «ሽፋሽፍቱ በጣም ተስማምቶኛል» ይላል።

ከዚህ ወዲያ ምን ይጠበቃል? እትዬ ጥሩወርቅ ዘንድ ሄጄ ሌላ ቢመጣ መልሱልኝ አልኋቸው። አዘኑልኝ፤ ግን በስምህ የመጣውን ዕቃ እንዲሁ አልመልስም፤ አላዘዘም የሚል ደብዳቤ ከቀበሌ ይዘህ ና አሉኝ። ቀበሌ ሄድሁ። ሥራ አስኪያጁ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ተነሥቶ ተቀበለኝ። ነገሬን ሰምቶ የደብዳቤ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠ።

«መምህር፣ ያገባ ብለን እንጽፋለን፤ ያላገባ ብለን እንጽፋለን፤ በሕይወት ያለ ብለንም እንጽፋለን። ያላዘዘ ብለን ግን ጽፈን አናውቅም» አለኝ።

ቢሆንም እርስዎ ስለሆኑ ብሎ አንድ መንገድ ፈለገልኝ። ሦስት ምስክር ላቀርብ፣ አንዱም አብሮኝ የሚኖር ሊሆን። ሰው አንድን ነገር ሲያደርግ ያየ ይመሰክራል፤ ሳያደርግ ያየ ምስክር ከየት ይመጣል? ብዬ ልከራከር ነበር። ማኅተሙን አየሁና ተውሁት።

አብሮኝ የምትኖረው ይታይሽ ናት። እንዴት ብዬ ልለምናት? ምሳ ሰዓት ጤና ጣቢያ ድረስ ሄጄ ነገርኋት። ዓይኔን ሳታይ «እመጣለሁ» አለች። ያየሽውን ብቻ ተናገሪ አልኋት። «ሌላ ምን እናገራለሁ?» አለች። በቀጠሮው ቀን አሥር እርምጃ ቀድማኝ ሄደች። እኔ ከኋላዋ ተከተልሁ። ሽፋሽፍቱን አዝዟል ብትል በምን አስተባብላለሁ? በስሜ የተጻፈ ምስጋና እንኳ አለ።

መጀመሪያ አያ ካሴ ቀረቡ። «ዕቃ ሲያዝ አላየሁም። እኔ ራሴ ለምኜው እንቢ ብሎኛል» አሉ፤ አሁንም ቅር ብሏቸዋል። የኮምፒዩተሩ መምህር ቀጥሎ ግማሽ ሰዓት አብራራ። ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ «ባለሙያው አላዘዘም ብሏል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ይታይሽ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ይህ ሰው ባሌ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ለእኔ አንዲት መሐረብ እንኳ ገዝቶ አያውቅም» አለች። «ለሌላ ሴት ከቻይና ድረስ ያዛል ብሎ ማመን አልቻልሁም።»

አያ ካሴ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሥራ አስኪያጁ አንዲት ቃል ሳያስቀር ጽፎ፣ ሁለት ጊዜ ማኅተም መታበት። ነጻ ወጣሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ደብዳቤውን ተቀብለው፣ ድምፅ አውጥተው ለተሰለፈው ሰው ሁሉ እያሰሙ አነበቡና፣ ከመስኮታቸው አጠገብ ለጠፉት።

ይታይሽ ያን ዕለት ወደ አልጋችን ተመለሰች። እኔ ግን ነጻነቴ አላስደሰተኝም። ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ዳንግላ ወረድሁ። ከመናኸሪያው በጋሪ ገበያ ገባሁና፣ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ውዬ ቀይ የሱፍ ሹራብ ገዛሁ። ስገዛ ዋጋ መከራከሩን እንኳ ረሳሁ፤ ልምድ የለማ።

ቤት ገብቼ ሰጠኋት። ዘርግታ አየችው። ለበሰችው፤ እስከ አንገቷ ቆለፈችው፤ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለችበት። ልክ ነበር። ፊቷ ፈካ። ከዚያ የመጣበትን ፌስታል አነሣች፣ በአንድ ወገን አየች፣ ገልብጣም በሌላው ወገን አየች፣ የቻይና ጽሕፈት ብታጣበት ወደ እኔ ዞረች።

«ለመሆኑ ይህንንስ ማን ላከው?» አለችኝ።