ሞቶ ያገባው መምህር

(ከሰዓት በኋላ ነው። በጠራዧ ጠባብ ክፍል መርፌው፣ ክሩና የሙጫው ቆርቆሮ ጠረጴዛውን ሞልተውታል። ታላቅ ወንድሟ፣ ጡረታ የወጣው ጸሐፊ፣ ጀርባው የተገነጠለ አሮጌ መጽሐፍ አቅፎ ቆሟል። እሱ ሲናገር ስለሚፈጥን፣ እሷ መልስ ለመስጠት ስለምትዘገይ፣ ቤተሰቡ እሱን አዋቂ፣ እሷን ገራገር ይላቸዋል።)

ጋሼ: ሙጫ ብቻ አልኩሽ እኮ! ክሩን እንዳትነኪ!

ጠራዧ: ክሩ ላልቷል፣ ጋሼ። በሙጫ ብቻ አይያዝም።

ጋሼ: ይሄ ተራ ደብተር መሰለሽ? የመብራት ጠባቂዎች የሚባሉት የጥንት ማኅበርተኞች ምሥጢር ነው! ታሪካቸው ተደብቆ ኖሮ እኔ ደረስኩበት። ዛሬ አሥር ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ለስልሳ ሰው እገልጠዋለሁ።

ጠራዧ: ስልሳ ሰው! ምን ተገኘ?

ጋሼ: (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) መሥራቹ መምህር መጀመሪያ ይሞታል። ከዚያ ያገባል።

ጠራዧ: ሞቶ?

ጋሼ: ሞቶ!

ጠራዧ: ሚስትየዋ ምን አለች?

ጋሼ: ምንም! ምሥጢሩ ያለው እዚያ ዝምታዋ ላይ ነው።

ጠራዧ: እኔ ብሆን አንድ ነገር ሳልል አልቀርም ነበር።

ጋሼ: አንቺማ ምን ይገባሻል! እኔ ሥርዓታቸውን ሁሉ እፈጽማለሁ። ጠዋት ጠዋት መራራውን ቅጠል እጠጣለሁ። ከዚያ ወረድ ብሎ «አፍሉት» ይላል።

ጠራዧ: ከጠጣህ በኋላ ታፈላዋለህ?

ጋሼ: የተረፈውን።

ጠራዧ: የፈላውንስ?

ጋሼ: እደፋዋለሁ። ስለ እሱ የተጻፈ ነገር የለም።

ጠራዧ: እኛ ደግሞ ሆድህን ምን ነካው እንላለን!

ጋሼ: ሕመም አይባልም፤ መንጻት ነው። ይልቅ ይህን እዪ፤ ከቦታ ቦታ በገጾቹ ግርጌ ላይ ነጥቦች አሉ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት። ይህን ቁጥር ለመፍታት ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ጠራዧ: (መነጽሯን አድርጋ የክሩን ቋጠሮ በጣቷ ትዳስሳለች፤ ፊቷ ይቀላል) ጋሼ... እነዚህ ነጥቦች የእኛ የጠራዦች ናቸው።

ጋሼ: እንዴት ሆኖ?

ጠራዧ: ወረቀቱ እጥፍ እጥፍ ሆኖ ነው የሚሰፋው። የቱ ከየቱ እንደሚቀድም እንዳይጠፋን ነጥብ እናደርግበታለን። እዚህ አምስተኛው እጥፍ በሦስተኛው ቦታ ገብቷል።

ጋሼ: እና መምህሩ?

ጠራዧ: እንደ ማንም ሰው አግብቶ፣ አርጅቶ ነው የሞተው። ቅጠሉም ቀድሞ ይፈላል።

ጋሼ: (ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል) ስልሳ ሰው ጠርቼ! የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ አድርጎ የሰፋው?

ጠራዧ: እኔ ነኝ።

ጋሼ: አንቺ?

ጠራዧ: ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት። ግራኝ ስለሆንኩ ቋጠሮዬ ወደ ግራ ይዞራል፤ ያው ተመልከተው። ስህተቴን ያወቅሁት መጽሐፉ ከተሸጠ በኋላ ነው። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ጋሼ: አሁን እዚያ አዳራሽ ምን ብዬ ልቁም? መሳቂያ ሆንኩ እኮ!

ጠራዧ: አብሬህ እመጣለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እናገራለሁ።

ጋሼ: (ቀና ብሎ) አዎ! ሁሉም የአንቺ ጥፋት ነው፤ እንደዚያ በያቸው!

ጠራዧ: እላለሁ። (አሮጌውን ክር ቀስ አድርጋ በመቀስ ትቆርጣለች) ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን አስተዋይ አንባቢ እጅ ይገባና ያውቅብኛል እያልኩ ስሰጋ ኖሬያለሁ፣ ጋሼ። ለካ በከንቱ ነው የፈራሁት፤ ይኸው አንተ እጅ ገባልኝ።