ዝም በሉ፣ ቃሏን ትስጥ

በየሰፈሩ ከሰው ይልቅ መኪናውን የሚያናግር አንድ ሽማግሌ አለ። እኛ ሰፈር የለም የሚል ሰው ካለ ወይ ሰፈሩን በደንብ አያውቀውም፣ ወይ ሽማግሌው ራሱ ነው።

መኪናዋ ሁልጊዜ አሮጌ ፒክአፕ ናት። ለምን ፒክአፕ እንደምትሆን አላውቅም፤ ምናልባት ሌላ ዓይነት መኪና ይህን ያህል መከራ ስለማይችል ይሆናል። ኮፈኗ እንደተከፈተ ነው። ሽማግሌው ከወገቡ በላይ ውስጥ፣ ከወገቡ በታች ውጭ ነው። ሰላም ስትሉት መልሱ የሚመጣው ከራዲያተሩ ሥር ነው። ጋራዥ ውሰዳት ካላችሁት ደግሞ ዓመት ሙሉ ይኮራችኋል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ሲሞት መኪናዋን የሚያነሣ አይገኝም። ከእኛ መንገድ ታች ባለቤቷ የሞተባት አንዲት ፒክአፕ አለች፤ ሣሩ በወለሏ ገብቶ በመስኮቷ ወጥቷል። በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ለእኛ የደረሱን ክቡር ዳኛ ናቸው። ክቡር ዳኛ የምንላቸው እንዲያው ለወጉ ነው እንጂ በዕድሜያቸው ማንም ላይ ፈርደው አያውቁም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ነው የኖሩት፤ ሌላው ሲናገር እሳቸው እየሰሙ ሲጽፉ። ጡረታ ሲወጡ ግን ችሎቱንም ይዘውት ሳይወጡ አልቀሩም። ግቢያቸው ውስጥ አቋቋሙት። ተከሳሿ ፒክአፗ ናት። ክሱ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ አንዴ ጭስ ማብዛት፣ አንዴ ዘይት ማንጠባጠብ፣ አንዴ ደግሞ ጠዋት በብርድ አልነሣም ብሎ ማመፅ።

ችሎቱ የሚሰየመው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ይህን የማውቀው የእኔን መስኮትና የእሳቸውን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ስለሆነ ነው። የምተዳደረው የሰው ጽሑፍ በማረም ነው፤ ሥራው ጸጥታ ይፈልጋል። ጸጥታ ከዚያ አጥር ጋር አይተዋወቅም።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሞተሩን ያስነሣሉ። ኮፈኑን ይከፍታሉ። ከዚያ ረጅሙን ካቻቢቴ ያወጣሉ፤ ቡሎን ሊፈቱበት እንዳይመስላችሁ። ጫፉን ሞተሩ ላይ ያስደግፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ ይለጥፉታል። ባዶ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ግቢ ውስጥ ላለው፣ በመንገድ ለሚያልፈው፣ አጥር ማዶ ላለሁት ለእኔም ጭምር ያውጃሉ።

"ዝም በሉ! ቃሏን ትስጥ!"

ዝም እንላለን። ምን እናደርጋለን? አንድ ቀን በበሩ የምታልፍ ሽንኩርት ሻጭ ሳትቀር ቆማ አፏን ስትይዝ አይቻለሁ። ክቡር ዳኛ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና ብይኑን ይሰጣሉ። "ትዋሻለች። ችግሯ ቺንጋው ነው፤ ፓምፑ ነው እያለች ታሳብባለች።" ቺንጋውን ፈትተው ሲገጥሙት ታዲያ አንድ ቡሎን ይተርፋል። ሁልጊዜ ይተርፋል። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ይቺስ የምን ናት?" ስላቸው፣ ቡሎኗን በሁለት ጣታቸው ይዘው ገልበጥ ገልበጥ አደረጓትና "ለጉዳዩ አግባብነት የላትም" ብለው ኪሳቸው ከተቷት። ኪሳቸው በእንደዚህ ዓይነት አግባብነት በሌላቸው ቡሎኖች ተሞልቶ ሲራመዱ ይንቋቋል። ባለቤታቸው እትዬ፣ "የት ክፍል እንዳለ የማውቀው በኪሱ ነው" ይላሉ።

የእትዬ ትልቁ ድስት የዘይት መገልበጫ ከሆነ ቆይቷል። ልጃቸው በስንት ልመና የላከችው መካኒክም መጥቶ ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ አየና "አባባ፣ ይቺ እኮ አልቆላታል" አላቸው። ክቡር ዳኛ በሩን ከፈቱለት። "ምስክሩ ተከሳሿን አያውቃትም፤ ይሰናበት!"

እኔም በየቅዳሜው አንገቴን በአጥሩ ላይ አውጥቼ እጮሃለሁ። "ጋሼ፣ በፈጠረዎት! ሥራ ላይ ነኝ እኮ!" እሳቸው ቀና እንኳ ሳይሉ "አቤቱታህ ደርሶናል፣ አራሚው" ይሉና ነዳጁን ይረግጡታል። ጎረቤትነታችን በዚህ መልክ ሲዘልቅ ኖሯል።

ጆሯቸው ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው "ፍሪጅህ ልትሞት ነው" አሉኝ። ሳቅኩባቸው። ሳምንቱ ሳይሞላ ያለኝ ምግብ ሁሉ ተበላሽቶ ሰፈሩን በግማት ፈጀሁት። ሌላ ቀን ሞተሩ እያጓራ፣ ካቻቢቴው ጆሯቸው ላይ እንዳለ፣ ድንገት እጃቸውን አነሡና "አመማት" ብለው ሁሉንም ትተው ወደ ቤት ሮጡ። እኔ የሰማሁት ነገር አልነበረም። ለካ እትዬ ከውስጥ ከአልጋቸው ሲነሡ አቃስተው ኖሯል።

እትዬ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ እግራቸውን አጥፈው መቀመጥ አይችሉም። በየሳምንቱ ሕክምና አለባቸው። ታክሲ ተሞክሮ ነበር፤ ግማሽ አካላቸው ሳይገባ በጩኸት ወጡ። ያን ጊዜ ክቡር ዳኛ የጋቢናውን ወንበር ነቀሉና ከአሮጌ አልጋ ስፕሪንግና ከስፖንጅ ሌላ ሠሩ። አስቀያሚ ነው፤ ብቻ እትዬ እግራቸውን ዘርግተው እንደ ንግሥት ይቀመጡበታል። ልጃቸው ያለችው ሌላ ከተማ ነው። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ቤቷ ጠባብ ነው። ለእናቷ የምትሆን አልጋ አለቻት፣ ለአባቷ ቦታ የላትም። "እማዬ አንድ ቀን መንገድ ላይ ከቀረች መጥቼ እወስዳታለሁ፤ አባዬ ወንድሜ ጋ ይሁን" ብላ ቁርጡን ነግራቸዋለች። ፒክአፗ የቆመች ቀን ባልና ሚስቱ ይለያያሉ ማለት ነው። ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ዝናቡ ሳያባራ በሰነበተበት በዚያ ሰሞን አዲስ ድምፅ ሰማሁ። ፒክአፗ ከመንገዱ ስትታጠፍ ጀምሮ በቀኝ በኩል ከፊት ጎማዋ የሚወጣ፣ ድንጋይ የሚፈጭ ዓይነት ደረቅ ጩኸት ነው። የጎረቤት ውሻ ከተኛበት ተነሣ። ክቡር ዳኛ ግቢ አስገብተው አቆሟትና ወርደው ኮፈኗን መታ መታ አደረጓት። "እንደ ሐር ናት" አሉ።

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ሲደርስ ሞተሩ ተነሣ፣ ካቻቢቴው ወጣ፣ አዋጁ ታወጀ። ዝም አልን። ከወትሮው ይልቅ ረጅም ጊዜ አዳመጡ። እጀታውን እስኪቀላ ድረስ ጆሯቸው ላይ ይጫኑታል፣ ቦታ ይቀይራሉ፣ እንደገና ይጫኑታል። በመጨረሻ "ነፃ ናት" አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ብይን አልነበረም። "ጋሼ!" ብዬ በአጥሩ ላይ ጮህኩ። ዞር አላሉም። ዕድሜ ልካቸውን ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉኝ ሰው ናቸውና እንደ ልማዳቸው መሰለኝ። ደግሜ ጮህኩ። ኋላ በአጋጣሚ ቀና ብለው ሲያዩኝ ክው አሉ። "አንተ፣ መቼ መጣህ?"

ቀስ ብዬ ከአጥሩ ወረድኩ።

በማግስቱ እሳቸው ግሪስ ሊገዙ ሲወጡ ጠብቄ የተዋስኩትን ፒንሳ ልመልስ በሚል ገባሁ። እትዬ በረንዳው ላይ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል።

"እትዬ፣ የመኪናዋን ጩኸት ሰምተውታል?"

"ተቀምጬበት እየሄድኩ እንዴት አልሰማም? ከእግሬ ሥር ነው የሚጮኸው። አጥንቴ ድረስ ነው የሚገባው።"

"ታዲያ ምነው አልነገሯቸውም?"

ወደ ፒክአፗ አዩ። "ምን ብዬ? ጆሮህ ሄዷል ልበለው? ዓይኑ ያለ መነጽር አያይ፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ጆሮዬ አለ ብሎ ነው እኮ የሚኖረው። ድሮ ሳቃስት ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ይሰማኝ ነበር። አሁን አጠገቡ ተኝቼ ሳቃስት አይሰማኝም።" ፈገግ አሉ፤ ባይሉ ይሻል ነበር። "አንዳንዴስ ይሁን እላለሁ። እንደ ልቤ አቃስታለሁ።"

"ጎማው መንገድ ላይ ቢወጣስ?"

"ቢወጣ አብረን ነን። ልጄ ጋ ስሄድ ግን ብቻዬን ነኝ። እንዳትነግርብኝ ደግሞ።"

ቤቴ ገብቼ ወረቀቴ ላይ አፈጠጥኩ። ብናገር ቅስማቸው ይሰበራል። ዝም ብል ሌላ ነገር ይሰበራል። ስቃጠል ከዋልኩ በኋላ ግን እኔ በዚያ ግቢ ላይ አንድ የታወቀ መብት እንዳለኝ ትዝ አለኝ። መነጫነጭ እችላለሁ። እኔ ስነጫነጭ የሚገርመው ሰው የለም።

ቅዳሜ እስኪደርስ አልጠበቅኩም። ፒክአፗ እየፈጨች ግቢ ስትገባ በአጥሩ ሳይሆን በበሩ ዞሬ ፊታቸው ቆምኩና ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩባቸው።

"ጋሼ! ሞተሩን ቻልኩት! ጭሱንም ቻልኩት! ይሄ የቀኝ የፊት ጎማ ጩኸት ግን አልቻልኩትም! ከመታጠፊያው ጀምሮ ይሰማኛል! ድንጋይ ነው የሚፈጭ የሚመስለው! ስትሄድ ይብሳል፣ ስትቆም ይጠፋል! አንድ መስመር ማረም አቃተኝ እኮ!"

የሚያዩት ዓይኔን አልነበረም፤ አፌን ነበር።

"የቀኝ የፊት?" አሉ።

"የቀኝ የፊት!"

"ስትቆም ይጠፋል?"

"ይጠፋል!"

"አቤቱታህ ደርሶናል" አሉ ቀስ ብለው። ነዳጁን አልረገጡም።

በክሪክ አነሷትና ጎማውን አወጡት፤ ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ፈልቅቀው በእጃቸው ያዙት። እኔ ስለ መኪና የማውቀው መሳፈር ብቻ ነው፤ ኩሽኔታው ግን ለእኔም ግልጽ ነበር። ግሪሱ ደርቆ ብረቱ በግለት ጠቁሯል፣ ውስጡ ያሉት የብረት ኳሶች ተሸርፈዋል። ክቡር ዳኛ ጎማው ላይ ተቀመጡ። ካፊያው ጀመረ፣ አልተነሡም። ወደ በረንዳው አዩ፤ እትዬ ሆን ብለው ወደ ሌላ በኩል ያያሉ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉኝ።

"ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት፣ ጋሼ።"

ኩሽኔታውን ገለበጡት፣ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። "ምስክሩ ይዋሻል" አሉ። ያን ያህል ያረጁ መስለው ታይተውኝ አያውቁም።

አዲስ ኩሽኔታ ገባ፣ ጩኸቱ ጠፋ። ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ አዋጁን ጠበቅኩ። አልመጣም። ያን "ዝም በሉ" የሚሉትን ነገር ምነው አንድ ቀን በተዉት እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ ሲቀር መቀመጥ አቃተኝ። በአጥሩ ላይ ብቅ አልኩ። ካቻቢቴው በእጃቸው ወደ መሬት ተንጠልጥሏል፣ ሞተሩ ለብቻው ይሠራል። አዩኝና በእጃቸው ጠሩኝ።

ስደርስ እጀታውን ወደ እኔ አዞሩት።

"ይቺን መኪና እንደ አንተ የሚጠላት የለም" አሉኝ። "አትሸፍንላትም።"

ከዚያ ጎንበስ ብዬ ጫፉን እንዳሳዩኝ አስደግፌ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ለካ ያ ሁሉ ጩኸት ውስጡ ሲገቡበት ሥርዓት አለው። ክቡር ዳኛ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ከእኔና በረንዳው ላይ ካሉት ከእትዬ በቀር ማንም አልነበረም።

"ዝም በሉ! ቃሏን ትስጥ!"

እኔ ሞተሩን ሳዳምጥ እሳቸው ፊቴን ያያሉ። ስህተት ሳነብ ግንባሬ እንደሚቋጠር ሰው ሁሉ ነግሮኛል፤ እሳቸው ያን ቋጠሮ ነው የሚጠብቁት። ግንባሬ ሲፈታ ይፈታሉ፣ ሲቋጠር "የት? የት ላይ?" ይላሉ። በዚህ መሃል እትዬ ከወንበራቸው ሊነሡ ሞከሩና እንደ ልባቸው አቃሰቱ።

ክቡር ዳኛ አልሰሙም። እኔ ግን ሰማሁ፤ ፊቴም ሳላስበው ጭምድድ አለ።

ፊቴን አዩት። ከዚያ ወደ ሞተሩ ሳይሆን ወደ በረንዳው ዞሩ።

"አመማት?" አሉ። መልሴን አልጠበቁም፤ ቡሎኖቹ ኪሳቸው ውስጥ እየተንቋቁ ሮጡ። እትዬ ሲያዩአቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ይሳቁ ያልቅሱ ከቆምኩበት አልለየሁም። ክቡር ዳኛ በብብታቸው ገብተው አነሷቸው።

የማርመው ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ እንደተዘረጋ ነው። እኔ ሞተሩን አላጠፋሁትም፣ እጀታውንም ከጆሮዬ አላነሣሁም፤ ሲመለሱ ምን አለች ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።