የኢንጂነሩ ጆሮና የሽበሺ አፍንጫ

ሀዋሳ ውስጥ መኪናው አልነሳ ያለችው ሰው ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ሰው ታሞ ቢተኛ ጠያቂ እስኪመጣ ይቆያል። መኪና ግን አንዴ አቃስታ ዝም ካለች፣ ከየት መጣ ሳይባል አንድ ሰው አጠገብህ ቆሞ ታገኘዋለህ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጓል። መንጃ ፈቃድ የለውም። መኪና ኖሮት አያውቅም። ያንተ መኪና ምን እንደነካት ግን ያውቃል።

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እነ ሽበሺ ሰፈር፣ ይህ ሰው ጋሽ ሙሉጌታ ነበሩ። ሰፈሩ "ኢንጂነር" ይላቸዋል። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው የሚያውቅ የለም፤ እሳቸውም አልመለሱትም።

ሽበሺ ደግሞ የዳቦ ሹፌር ነው። የኋላ ወንበሯ የተነሳላት፣ በዕድሜ እሱን የምትበልጥ ስቴሽን ዋገን አለችው። በሷ ከእትዬ አስማ ዳቦ ቤት ማለዳ ትኩስ ዳቦ እየጫነ ለየሱቁ ያደርሳል። ጊዜው ባጃጅ ከተማውን ማጥለቅለቅ የጀመረበት ነበር። ሽበሺ ባረፈደ ቁጥር እትዬ አስማ በር ላይ ከቆመው ባጃጅ ዓይናቸውን መንቀል እያቃታቸው መጣ። ሽበሺ ይህን ያያል፣ አይቶም ዝም ይላል። ዋና ሙያው ዝምታ ነው፣ ሹፌርነቱ ትርፍ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

መኪናዋ ቀን ምንም አትልም። አንዴ ከሞቀች እየቆመች እየተነሳች ትውላለች። ጣጣው ማለዳ ነው። አድራ ስትቀሰቀስ ቁልፉ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ትንገጫገጭና ተመልሳ ትተኛለች። ሽበሺ በሩን ከፍቶ ሲገባ ደግሞ ቤንዚን ይሸተዋል፤ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ዓይነት ሽታ። የሆነ ቦታ ሳታፈስ አትቀርም ብሎ ያስባል። ሐሳቡ አፉ ጋ ሳይደርስ የጋሽ ሙሉጌታ ነጠላ ጫማ ከግቢው በር ይሰማል።

"እስቲ ድምጿን ልስማው።"

ሽበሺ ቁልፉን ያዞራል። ጋሽ ሙሉጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፣ ቅዳሴ ላይ የቆሙ ነው የሚመስሉት። ከዚያ ፍርድ ይሰጣሉ።

"ባትሪ ነው። ጆሮዬ አይሳሳትም።"

ባትሪው ተለወጠ። አልነሳም አለች። ባትሪውማ ደህና ነበር፣ የተጎዳው ማስነሻው ሞተሪኖ ነው አሉ፣ የፊተኛውን ፍርድ ሌላ ሰው የሰጠው ይመስል። ሞተሪኖው ተፈትቶ ተጠገነ። አልተነሳችም። ጥፋቱ ወደ ካንዴላ ዞረ፣ ከካንዴላ ወደ ካርቡራተር። ካርቡራተሩም ታጥቦ እምቢ ስትል፣ ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ነው ተባለ። ሐይቁን ፈትቶ መቀየር ስለማይቻል እዚያ ላይ ትንሽ ታረፈ።

የሚከፋው ነገር ሰውየው ክፉ አለመሆናቸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ሽበሺ ይገላገል ነበር። ፍርዱን ከሰጡ በኋላ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ከኋላ ይገፋሉ። በአንድ የፍቼ በዓል፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ መኪናዋ ጉዱማሌ ሜዳ አጠገብ ቆማ ውላ ማታ አልነሳም አለች። ጋሽ ሙሉጌታ ለበዓል የለበሱ ጎረምሶች አሰልፈው "ከወገብ፣ አንድ ላይ" እያሉ አስገፉለት። ራሳቸውም እየገፉ፣ እያለከለኩ፣ ለጎረምሶቹ የካርቡራተርን ጠባይ ያስረዱ ነበር። ከዚያ በኋላ የትኛው አፍ ይደፍራቸዋል?

ደግሞ ሲጋራው አለ። ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሲጋራቸውን እንዳበሩ፣ አንገታቸውን ሞተሩ ላይ ይደፋሉ። ሽበሺ ቤንዚኑ እየሸተተው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይሸሻል። አንድ ጠዋት ጨክኖ፣ "ጋሼ፣ ሲጋራውን…" አለ።

"ሲጋራው ምን ሆነ?"

"አመዱ ጋቢዎ ላይ እንዳይወድቅ ብዬ ነው።"

እንዲህ ነው ሽበሺ። ያደገው ትልቅ ሰው ሲናገር መሬት መሬት እያየ ነው። አባቱን የሚያህል ሰው፣ ያውም ጎረቤት ከቦ እያየ፣ ተሳስተዋል አይባልም። ኢንጂነሩ ከፈረዱ በኋላ ጋራዥ መሄድ ደግሞ በሳቸው ላይ ይግባኝ ማለት ነው። የጋራዡ መንገድ የሚያልፈውም በደጃቸው ነው።

ሚስቱ ብርቅዬ ትበግናለች። እኔ ልንገራቸው ትላለች። ተዪ፣ ይቀየሙኛል ይላታል።

"እሳቸው እንዳይቀየሙ እኛ ጦማችንን እንደር?" አለችው አንድ ቀን። መልስ ቢኖረውም እንደማይናገረው ስለምታውቅ አልጠበቀችም።

ጦም ማደሩ በዳቦው በኩል መጣ። ታቢታ የምትባል ባለሱቅ ከቀረበላት ዳቦ አንዱን ቆርሳ ቀመሰችና፣ ቤንዚን ቤንዚን ይላል ብላ ሁሉንም መለሰች። በማግስቱ ሌሎችም መለሱ። እትዬ አስማ ራሳቸው ቀመሱት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

"ሽበሺ፣ ማርፈድህን ችዬልህ ነበር። ሰው ቤንዚን አብልቼ ግን እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?"

መኪናህን አሠርተህ ና፣ እስከዚያ ባጃጁ ያድርስልኝ አሉት። ሽበሺ ያችን "እስከዚያ" የምትል ቃል ይዞ ወጣ። የቀረው እሷ ብቻ ነበረች።

ያን ዕለት ጋራዥ ሄደ። ጋሽ ሙሉጌታ እንዳያዩት ግን በታች በኩል ሰፈሩን በሙሉ ዞሮ ነው የሄደው። መካኒኩ ዩኑስ ድምጿን ልስማው አላለም። ገና በሩን ሲከፍት አፍንጫውን ሸበሸበ፣ ከሥር ገባ፣ በእጁ እየዳበሰ ሄደ። ከታንከሩ ወደ ፓምፑ የሚሄደው ጎማ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል። ስትቆም በስንጥቁ አየር ይገባል፣ ቤንዚኑ ወደ ታንከሩ ይመለሳል፣ ጥቂቱም ጠብ ጠብ ይላል። ማለዳ ፓምፑ የሚስበው አየር ነው፤ ቤንዚኑ እስኪደርስ ባትሪው ይደክማል። ያ ሁሉ ዕቃ የተለወጠው ለአንድ ቁራጭ ጎማ ነው።

"ሽታው አይሸትህም ነበር እንዴ?" አለ ዩኑስ።

"ይሸተኝ ነበር።"

ዩኑስ ጎማውን ቀየረለት።

በማግስቱ ማለዳ መኪናዋ ቁልፉ ገና ሲነካት ተነሳች። ሽበሺ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። እየከነፈ ዳቦ ቤት ሲደርስ ባጃጁ ዳቦ ተጭኖበት ቆሟል። ጀርባው ላይ የዳቦ ቤቱ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል። ቀለሙ ገና አልደረቀም። እትዬ አስማ ቀለሙን አዩ፣ ሽበሺን አዩ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ።

ሰፈር ሲመለስ ጋሽ ሙሉጌታ ደጅ ቆመው ጠበቁት። ሳይገፏት ስትነሳ ሰምተዋል፣ ከፍቷቸዋል። ካርቡራተሩ ነው፣ አሁን ገና መሥራት ጀመረ ብለው ጀመሩ።

"ጎማ ነው ጋሼ" አለ ሽበሺ። ድምፁ ለራሱም አዲስ ሆነበት። "ቤንዚን ታፈስ ነበር። ከመጀመሪያው ይሸተኝ ነበር። የዳቦውንም ሥራ በዚሁ አጣሁት።"

"ይሸትህ ነበር?"

"አዎ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?"

ስንት ማለዳ ያጠራቀመው ቃል ነበረው። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እንዳላሳፍርዎ ብዬ።"

ጋሽ ሙሉጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ይህም በሰፈሩ ታይቶ አያውቅም። ከዚያ ነገሩት። የመንግሥት እርሻ ውስጥ የፀረ ተባይ መድኃኒት መጋዘን ጠባቂ ነበሩ። ኢንጂነርነት የሚባል ነገር በዚያ አልፎ አያውቅም።

"አፍንጫዬ እዚያው ነው የቀረ። እንኳን ቤንዚን፣ ወጥ ሲያርብኝ አላውቅም። ሰው እንዳይስቅብኝ ነው እንጂ… ጆሮዬስ ደህና ነው።"

አንዱ እንዳይሳቅበት፣ ሌላው እንዳያሳፍር፣ እንጀራው በመሀል ሄደ። ሽበሺ መናደድ ይገባው ነበር፤ መብቱም ነው። ሽማግሌውን አያቸው። ጋቢያቸውን ለመግፋት ብለው ወገባቸው ላይ እንዳሰሩት ናቸው። ከመሪው ኋላ እንደተቀመጠ ጎንበስ ብሎ የወዲያኛውን በር ከፈተላቸው።

ገቡ። ስንት ጊዜ የገፏት መኪና ውስጥ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር። የሚሄዱበት ግን አልነበረም። ሞተሩ እንደበራ፣ ጥርት ብሎ እየሠራ፣ እዚያው ደጅ ላይ ተቀመጡ።

"አሁንስ፣ ይሸታል?" አሉ።

ሽበሺ አየሩን ሳበ። ቤንዚኑ ጠፍቷል። ከኋላ፣ ከባዶዎቹ ሣጥኖች፣ እስከ ዛሬ ተሸፍኖ የቆየ ሌላ ሽታ መጣ።

"ዳቦ ነው የሚሸተው፣ ጋሼ።"

ጋሽ ሙሉጌታ ወደ ኋላ ዞረው ባዶውን ሣጥን ትንሽ አዩት።

"እንግዲያው መስኮቱን ዝጋው" አሉ። "ይወጣብሃል።"

ሽበሺ ዘጋው። በዚህኛው እንኳን ልክ ነበሩ።