የማትነበበዋ ፒ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ አሰላ ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩት ጡረተኛው መምህር ወልደሰማዕት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሸለብ አደረጋቸውና ሕልም አዩ።

በሕልማቸው መምህራን ሁሉ ዩኒፎርም ለብሰው ዴስክ ላይ ተደርድረዋል። የሚያስተምሩት ቃላት ነበሩ። ርእሰ መምህሩ አርፍደው ኖሮ በሩ ላይ ተንበርክከዋል። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ጠመኔ ይዛ ገባች፤ ግራ ጎኗ ሲኒ፣ ቀኝ ጎኗ ሳንቃ ነው።

«ወልደሰማዕት፣ ተነሥ። እኔን ከፋፍለኝ» አለች።

«ካፕ ሲኒ ነው፤ ቦርድ ሳንቃ። ሁለቱ ሲጋጠሙ የዕቃ ብፌ ይሆናሉ።»

«ስንት ክፍለ ቃል?»

«ሁለት።»

«በል አንብበኝ።»

መምህር አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሲኒውና ሳንቃው የሚጋጠሙበትን ቦታ አዩ። እዚያ፣ ፒ በምትጻፍበት ላይ፣ ከሞቱ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ እታፈራሁ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል።

ይህቺ ፒ ትጻፋለች እንጂ አትነበብም፤ ቃሉ «ካበርድ» ነው የሚባለው። መምህር በሥራ ዘመናቸው ፒን አሰምቶ ያነበበ ተማሪ ሲያገኙ እጁን በማስመሪያ ይሉት ነበር።

«ወልዴ፣ እለፈኝና አንብብ። አለዚያ ትወድቃለህ» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ ቀስ ብለው።

መምህር ከንፈራቸውን ግጥም አደረጉና «ካፕ፣ ቦርድ» አሉ።

ባለቤታቸው ቀና አሉ።

«ስሕተት። እጅህን ዘርጋ» አለች ቃሏ። ማስመሪያው አረፈባቸው። «ድገም።»

«ካፕ፣ ቦርድ።»

የዱሮ ተማሪዎቻቸው በመስኮት አንገታቸውን አስግገው፣ «መምህር፣ አትነበብም ብለው የገረፉን እኮ እርስዎ ነዎት» አሏቸው።

«አውቃለሁ» አሉና ደገሙት። ፒን አንድ ጊዜ ባሰሟት ቁጥር ወይዘሮ እታፈራሁ አንድ እርምጃ ይቀርቧቸው ነበር። የመምህር እጅ አብጦ ቀላ። የባለቤታቸው ነጠላ ጫፍ የመምህርን ጉልበት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው በር ተንኳኳ፤ ነቁ።

ደጃፉ ላይ ቅጽ የያዘ የቀበሌ መዝጋቢ ቆሟል።

«እንደምን ዋሉ አባባ። እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?»

መምህር ዞር ብለው ቤቱን አዩት። «አንድ» አሉ።

መዝጋቢው ጽፎ ወረቀቱን አጣጠፈ።

«ሌላ የምትጠይቀኝ የለም? ግባና አረፍ በል እንጂ።»

«እርስዎን ጨርሻለሁ አባባ» አለ ሰውየው። «የቀረው ሁለት ገጽ ሰው ላላቸው ነው።»