ለአዛለች የታዘዘው ዘበኛ

አዛለች ቤት ዘበኛ የገባው ባሏ ማንያዘዋል በሞተ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ለቅሶ ደራሹ እንደተበተነ አጥሩ ይነቃነቅ ጀመር። የሚነቀንቀው ሌባ ይሁን ሌላ አይታው አታውቅም፤ ብቻ ዓይኗን ልትከድን ስትል ይነሳል፣ ተነስታ ስትቀመጥ ይተኛል። እህል አልነካ፣ ዕቃ አላነሳ። የሰረቃት እንቅልፏን ነው። እንዲህ ሆና ሰንብታ ጉንጯ ሲሰረጉድ ልጇ ስንቅነሽ እጇን ይዛ ወደ ሃምሳ አለቃ መድኅን ወሰደቻት።

በዚያ አገር ሰፈር የሚጠብቀውን ነጭ ለባሽ ይሉታል። ሃምሳ አለቃ መድኅን የነጭ ለባሾቹ አለቃ ነው። ለማን ቤት ማን እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው እሱ፣ የሚያዝዘውም እሱ። የአዛለችን ዓይን አየ፣ የእጇን ትርታ አዳመጠ፣ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቃት፣ ከዚያ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ።

«አንድ ሰው አዝዤልዎታለሁ» አላት። «ከራት በኋላ ይገባል። አንድ ጣሳ ውሃ ይስጡት፣ ሌላ አይፈልግም። ለአንድ ወር ብቻ ነው። ወሩ ሲያልቅ ይምጡና እንተያያለን።»

የሰውየው ስም ረጅም ነው፣ ለምላስም አይመችም። ሃምሳ አለቃ ወረቀቱ ላይ ጽፎታል፤ ግን አጻጻፉን ላየ፣ መልሰህ አንብበው ቢሉት ራሱም የሚያነበው አይመስልም። አዛለች ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም። የታዘዘላትን ሰው ታዘዘ ብላ ጠራችው፣ እሱም አቤት አለ።

ታዘዘ አጭር፣ ክብ፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ የለበሰ ሰው ነው። መሐል ለመሐል፣ ከግንባሩ እስከ አገጩ የወረደ ሰንበር አለበት። ቀረብ ብለው ለቀመሱት ይመራል እንጂ ክፉ አይደለም። ወሬም አይወድ። ውሃውን ከተቀበለ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል የት እንደገባ አይታወቅም፤ ከዚያ አጥሩ ጸጥ ይላል። አዛለች ያን ወር እንደ ሕፃን ተኛች። እውነቱ ይነገር፤ ያኔ ታዘዘ ባይገባላት ኖሮ ከባሏ ጎን ትቀበር ነበር። ይህን የሚክድ ሰው እንቅልፍ አጥቶ የማያውቅ ነው።

ወሩ አለቀ። አዛለች ወደ ሃምሳ አለቃ አልሄደችም፤ ደህና ከሆነች ምን ልትሠራ ትሄዳለች? ስንቅነሽ ወረቀቱን ይዛ ሄደች፣ በር ላይ ያለው ጸሐፊ ቀና ብሎም ሳያይ ማኅተም መታበት። የሚቀጥለው ወርም እንዲሁ። አዛዡም የታዘዘላትም ሳይተያዩ አስራ አንድ ዓመት ሞላ።

በመጀመሪያ ታዘዘ የሚገባው ማታ ማታ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ማታው ብቻውን አልበቃ አለና ማለዳም ይመጣ ጀመር። በአምስተኛው ዓመት ምሳ ሰዓትም ተጨመረ። ከግቢው በር ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ እልፍኝ ጠጋ ጠጋ አለ። ሲጠብቃት ሲጠብቃት፣ ጠበቀባት።

ታዘዘ ሌባና እንግዳ አይለይም። ሐዘን ሲመጣ መለሰው፣ ደስታም ሲመጣ መለሰው። ስንቅነሽ ሦስተኛ ልጇን የወለደች ዕለት እልልታው ለአዛለች የተሰማት ከወንዝ ማዶ እንደመጣ ሆኖ ነው። ጨው የት እንዳኖረች፣ ለማን ምን እንዳለች ይጠፋት ጀመር። አንድ ቀን ዘመድ ጥየቃ ስትሄድ ታዘዘን ረስታው ወጣችና፣ ከመንገድ ላይ በላብ ተጠምቃ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ያለ እሱ ከግቢ አትወጣም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሙሾዋ ነው። አዛለች በአካባቢው ሁሉ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ነበረች። ሬሳ ያለ እሷ አይወጣም። አንዲቷን ቃል ለሟች ወዳጅ አንድ፣ ለሟች ጠላት ሌላ አድርጋ ታሰማዋለች፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ፣ አንደኛው ግን እቤቱ ከገባ በኋላ ነው የተሰደበው የሚገባው። ለገዛ ባሏ ለማንያዘዋል ግን አላወረደችም። ትንሽ ልረጋጋና ብላ ነበር። ተረጋጋች፤ አስራ አንድ ዓመት።

የጎረቤቷ የይመኙሻል ወንድም ሲሞት ሕዝቡ ለአዛለች መንገድ ለቀቀላት። መሐል ገብታ ነጠላዋን አደገደገች፣ አፏን ከፈተች። ምንም አልመጣም። ዓይኗ እንደ በጋ ድንጋይ ደረቅ ነው። ሰዉ ጠበቀ፣ አሳለ፣ ከዚያ ሌላ ሴት ጀመረች።

ሲመለሱ ይመኙሻል ጎን ለጎን እየሄደች፣ «አዛለች፣ ዘበኛሽ አፍሽ ላይም ቆሟል እንዴ?» አለቻት።

ሌላ ሰው ቢላት ጥርሱን ታረግፈው ነበር። ይመኙሻል ግን ወንድሟን የቀበረች ሴት ናት፤ አዛለች መንገዷን ቀጠለች።

እቤት ስትደርስ ታዘዘ ጣሳውን እያየ ይጠብቃታል።

«ዛሬ ራስህ ቅዳና ግባ» አለችው።

«እኔ በራሴ ገብቼ አላውቅም» አለ ታዘዘ። «ሁልጊዜ በእጅዎ ነው ያስገቡኝ።»

አዛለች አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አሰበችው። ታዘዘልኝ ስትል የኖረችው፣ ለካ ስትታዘዝለት ኖሯል። ይህ ደግሞ የማንያዘዋል ሚስት የምትችለው ነገር አይደለም። ማንንም ሳታማክር ብድግ ብላ፣ «ውጣ» አለችው። ወጣ።

የመጀመሪያው ቀን ምንም አልሆነችም፣ ኩራቷ ጨመረ። በሁለተኛው ቀን አጥሩ ተነቃነቀ። በሦስተኛው የተነቃነቀው አጥሩ ብቻ አይደለም፤ ጉልበቷ፣ ከንፈሯ፣ በእጇ የያዘችው ብርጭቆ። የበራፉ ብርሃን እንደ ሚስማር ዓይኗን ወጋት። ከቆዳዋ ሥር ጉንዳን የሚርመሰመስ መሰላት። ታዘዘ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከበር የመለሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገፍቶ ገባ። በአራተኛው ቀን ስንቅነሽ እናቷን ወለል ላይ ወድቃ ስትንቀጠቀጥ አገኘቻትና በቃሬዛ አስይዛ ወደ ሃምሳ አለቃ ወሰደቻት።

ሃምሳ አለቃ መድኅን ጸጉሩ ሸብቷል። የሰማውን ሰምቶ፣ «ማን አስወጡት አለዎት?» አላት።

«ቤቱ የኔ ነው።»

«ቤቱማ የእርስዎ ነው። በሩ ግን አስራ አንድ ዓመት የተደገፈው የሱን ትከሻ ነው። ትከሻውን ባንድ ቀን ሲነሱት በሩ ወዴት ይሂድ? ሊሞቱ ይችሉ ነበር እኮ፣ እማማ።»

«አንተስ? አንድ ወር ብለህ አልነበር?»

ሃምሳ አለቃ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተከለ። «ነበር» አለ። «ልጠይቅዎት ይገባኝ ነበር። አልጠየቅኩም።»

«እሱን እኔም አውቄዋለሁ።»

ስንቅነሽ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች።

«አሁን የምነግርዎትን ይስሙኝ» አለ። «አይቁረጡት፤ ይቁረሱት። መጀመሪያ እንደ ቀድሞው ይመለስ፣ አጥሩ ይርጋ። ከዚያ ከሰዓቱ ላይ ትንሽ እንቆርሳለን። ሁለት ሦስት ሳምንት እናያለን። ከረጋ ደግሞ ትንሽ እንቆርሳለን፤ ካልረጋ ባለበት ይሰንብት። ወደ መጨረሻው በሄድን ቁጥር ቁራሹ እያነሰ መሄድ አለበት፣ የሚከብደው ጭራው ነው። ያ ፊቱ ላይ ያለው ሰንበር ለጌጥ የወጣ መሰለዎት? ለሁለት የሚከፈል መሆኑን ሲነግርዎት ነው።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ዓመት። ሊበልጥም ይችላል።»

«እስከዚያ ብሞትስ?»

«ነቅተው ይሞታሉዋ።»

አዛለች መልሱን ወደደችው። «አጥሩ ሲነቃነቅስ? ያ ሌባ ተመለሰ ማለት ነው?»

«ሁልጊዜ አይደለም። ሰው የተደገፈው እንጨት፣ ሰውየው ሲነሳለት ወደ ቦታው እስኪመለስ ይንቋቋል። ድምፁ ሌባ ይመስላል። ሰንበት ሲል ይቀንሳል፤ በዚህ ይለዩታል። ካስፈራዎት ግን ይላኩብኝ፣ ብቻዎን አይፍረዱ። ከእንግዲህ ወረቀቱን ጸሐፊ አይመታውም፣ በየወሩ እኔ እመጣለሁ።»

ታዘዘ ተመልሶ ሲገባ አዛለች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ማፈሯ ነው። ለሦስት ሳምንት እንደ ቀድሞው ገባ። አጥሩ ሲረጋ መጀመሪያ ምሳ ሰዓቱ ላይ ተቆረሰ፣ ግማሹ ብቻ።

«ታዲያ በምሳ ሰዓት ማን ሊጠብቅዎት ነው?» አላት ታዘዘ።

«ምሳዬ።»

ቀላል አልነበረም፤ ቀላል ነበር የሚል ይዋሻል። በየቁራሹ አንድ ሁለት ሳምንት አጥሩ ይንቋቋል። እሷም ፀሐይ ሳትበረታ እስከ አፋፉ ወጥታ ትመለሳለች፤ ማታ እግሯን በሙቅ ውሃ ትዘፈዝፋለች፤ እንቅልፍ እምቢ ሲላት አልጋው ላይ አትታገለውም፣ ተነስታ ጥጥ ታባዝታለች። ስንቅነሽ የእናቷን አዳርና ውሎ በደብተር ትጽፋለች። ይመኙሻል ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሰፌድና እሸት ባቄላ ይዛ ትመጣለች።

«መንቀጥቀጡ ሲመጣብሽ ጥሪኝ» ትላታለች። «እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ባቄላው ቶሎ ይፈለፈላል።»

«የአንቺ ምላስ ሳይንቀጠቀጥም ይፈለፍላል።»

እንዲህ እየተሰዳደቡ አንዱ ከሰዓት ያልፋል።

ክረምቱ ሲገባ አዛለች ከፋት። ሃምሳ አለቃ መጥቶ ደብተሩን አየ፣ «ባለበት ይሰንብት» አለ፣ መስከረም እስኪጠባ ምንም አልተቆረሰም። በጥቅምት፣ የማንያዘዋል ሙት ዓመት ዕለት፣ አልቻለችም፤ ያለ ሰዓቱ ታዘዘን ጠርታ አስገባችው። በማግስቱ እንደ ሌባ አቀርቅራ ለሃምሳ አለቃ ነገረችው።

«ነገሩኝ፤ ጥሩ። ካቆምንበት እንቀጥላለን» አለ፣ ወደ ሌላ ወሬ ገባ። አዛለች ልትቆጣ የተዘጋጀችበት ቁጣ ሜዳ ላይ ቀረ።

በሩ ገርበብ እያለ ሲሄድ የጥንቶቹ እንግዶች አንድ በአንድ ይመጡ ጀመር። ቀድሞ የገባው ንዴት ነው፤ ባልረባ ነገር ከስንቅነሽ ጋር ተጣላች፣ ከዚያ ታረቀች። ቀጥሎ የእርጥብ አፈር ሽታ ገባ። ከዚያ ሳቅ። የስንቅነሽ ሦስተኛ ልጅ ዶሮ ስታባርር ተንሸራትታ ጭቃ ላይ ብትቀመጥ፣ አዛለች ምሰሶ ይዛ እስክትደገፍ ሳቀች። ልጅቷ አያቷ ስትስቅ አይታ ስለማታውቅ ደነገጠች።

ማለዳው ተቆረሰ፣ ማታው ተከፈለ፣ ግማሹ ሩብ ሆነ፣ ሩቡም ተሸረፈ። በመጨረሻ ታዘዘ የሰው ፍርፋሪ ሆኖ አንዳንድ ቀን ብቻ በር ላይ ብቅ የሚል ሆነ። ዓመት ከአምስት ወር ካለፈ በኋላ ሃምሳ አለቃ እሺ ባለበት ቀን፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል አዛለች ጣሳውን ይዛ ወጣች።

«ልሂድ?» አላት።

«ሂድ። በክፉ ቀን ገብተህልኛል፣ አልሰድብህም። የሌላ ሰው ቤት ስትገባ ግን ወሩን አስታውሰው።»

የቀዳችለትን ውሃ ራሷ ጠጣችው።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ማለዳ ከአዛለች ግቢ ለቅሶ ተሰማ። ሰዉ ነጠላውን እያደገደገ እየሮጠ መጣ፤ በየወሩ የሚመጣው ሃምሳ አለቃ መድኅንም መንገድ ላይ እያለ ሰምቶ አብሮ ሮጠ። ግቢው ወለል ብሎ ተከፍቷል። አዛለች መሐል ላይ ቆማ እንባዋ እስከ አንገቷ ይወርዳል፤

«ቅር ስለው ሄደ፣ ሳልሸኘው በእንባ፤
ማን ያዘዋል አሁን፣ አፈር ቤት ከገባ።»

«ማን ሞተ?» አለ አንዱ።

«ማንያዘዋል» አለች ይመኙሻል፣ እሷም እያለቀሰች።

«እሱማ ከሞተ ስንት ዘመኑ።»

«ለሷ ዛሬ ነው የሞተው። ዝም ብለህ አልቅስ።»

አለቀሱ። አዛለች አንዱን ስንኝ ሳትጨርስ ሌላው ይመጣባታል፤ የአስራ ሁለት ዓመት ነው። ሲበቃት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ጠረገች። ሃምሳ አለቃ አጠገቧ መጥቶ እንደ ልማዱ የእጇን ትርታ አዳመጠ። እጇ አይንቀጠቀጥም። ይህን ሁሉ እንግዳ አስገብታ አጥሩ ንቅንቅ አለማለቱ ገረመው፤ ከሌላ ሰፈር ሌላ ሰው በስውር አስገብታ እንደሆነም ጠረጠረ፣ እንዲህ የሚያደርጉ አሉና።

«እውነቱን ይንገሩኝ፣ እማማ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ታዘዘ ከሄደ ወዲህ በሩ ላይ ማንን አቆሙ?»

አዛለች ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች።

«እሱን ካቆምኩ ወዲህ» አለችው፣ «የቆምኩት እኔ ነኝ።»