ኮከቡን ማን ቀበረው?

የፊዚክስ መምህር ለቅሶ ቤት እንዳይገባ በሕግ መከልከል አለበት! አትሳቁ... በራሴ ደርሶ ነው የምነግራችሁ።

የእናቴ ወንድም ጋሼ ደምሴ ሚስታቸው እትዬ በለጡ አርፈውባቸው፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ሰውየው ከቀብር ወዲህ እንባ የለ፣ ቃል የለ፣ እህል የለ! ድንኳኑ ጥግ ጋቢያቸውን ተከናንበው አንድ ቦታ ላይ አፍጥጠዋል። እናቴ ፈርታለች። ያላለቀሰ ሰው ሐዘኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ይጎዳዋል ባይ ናት። እጄን ይዛ ወደ ጥግ ጎተተችኝ።

"አንተ የተማርክ አይደለህ እንዴ? እስቲ ሂድና አጫውተው!"

ምን ላጫውታቸው? ካርታ አልችል፣ ኳስ አላውቅ! የማውቀው በዚያ ሳምንት ክፍል ውስጥ ያስተማርኩትን ብቻ ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ጋሼ፣ ትልልቅ ኮከቦች እንዴት እንደሚሞቱ ያውቃሉ?"

አያችሁልኝ? ለቅሶ ቤት! ሞት! እናቴ ጭኔን ስትቆነጥጠኝ ሥጋዬ ተገንጥሎ የሄደ መሰለኝ። ግን አንዴ ከአፌ ወጥቷል፣ ምን ላድርግ?

የመለሱልኝ የጋሼ ጎረቤት እማማ ዘነበች ናቸው።

"ምን ነክቶት ነው የሚሞተው?"

"ነዳጁ አልቆ ነው እማማ። ትልቅ ኮከብ ነዳጁን ያለ ቁጠባ ያነደዋል፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ትንሹ ግን ቀስ እያለ ብዙ ይኖራል።"

"ነዳጅማ እዚህም የለ!" አለ ከኋላ አንድ ሹፌር።

"መጨረሻ ላይ ሆዱ ውስጥ ብረት ይሞላል። ብረት ደግሞ አያሞቀውም። ያኔ የገዛ ክብደቱ ይጫነውና ዓይን ተከድኖ ሳይገለጥ መሃሉ ይደረመሳል! ከዚያ... ዷ! ይፈነዳል።"

"ውይ ውይ ውይ!" እማማ ዘነበች ደረታቸውን መቱ። "ዘመድ የለውም? ማን ቀበረው?"

"አይቀበርም እማማ... ይበተናል።"

የዕድሩ ዳኛ ሳይቀሩ ካርታቸውን አስቀምጠው ገላመጡኝ። ሬሳ ሜዳ ላይ ጥዬ የመጣሁ ይመስል! ሴቶቹ ከንፈር መምጠጥ ጀመሩ። "ምስኪን! ቀባሪ እንኳ አጣ..." እኔም እንደ ሟች ዘመድ ልከላከልለት ተነሣሁ።

"በከንቱ አይደለም እኮ የሚበተነው! በደማችን ውስጥ ያለው ብረት እንኳ ከእነዚያ ከፈነዱት የመጣ ነው።"

ያኔ ጋሼ ቀና አሉ።

"ብረት? ደም ውስጥ?"

"አዎ ጋሼ።"

"በለጡን ሐኪሙ ደምሽ ብረት ያንሰዋል ብሏት ነበር።" አሉ። "ያን ሁሉ ሲበትን፣ ለእሷ ትንሽ ቢጨምርላት ምን ነበረበት?"

ይህን ብለው እንባቸውን ለቀቁት! እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ። እናቴ አለቀሰች። እማማ ዘነበች ለኮከቡም ለእትዬ በለጡም ደርበው አለቀሱ። እኔም እትዬ በለጡን በጣም እወዳቸው ነበር።

እንባው ሲወጣላቸው እናቴ ቶሎ ብላ ምስር ወጥ አቀረበች። ጋሼ አንድ ጊዜ ጎረሱ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም! ሌላ ሊጠቀልሉ ሲሉ ግን እጃቸው ቆመ።

"ለመሆኑ... የእኛይቱ ፀሐይስ?"

ድንኳኑ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

"አይዞዎት ጋሼ! ፀሐይ ትንሽ ናት። አትፈነዳም፤ ገና ብዙ ቢሊዮን ዓመታት ትኖራለች።"

"ተመስገን!" አሉ በረጅሙ ተንፍሰው። "ሌላ ለቅሶማ አልችልም... በሉ ወጥ ጨምሩልኝ!"