ወንዝ በስፓኒሽ

ወዳጄ፣ የባዕድ ቋንቋ መማር ካማረህ ሰላምታውን መጨረሻ አድርገው። እኔ ከሰላምታ ጀምሬ ሰው ላስበላ ነበር።

ላሊበላ ላይ አስጎብኚ ነኝ። እንግሊዝኛ እዚህ የማይችል የለም፤ እንጀራው ያለው ሌላ ቋንቋ ዘንድ ነው ብዬ ስፓኒሽ በስልኬ ጀመርኩ። ሰላምታውን ጨረስኩና ተፈጥሮ የሚባለው ትምህርት ላይ ደረስኩ። የመጀመሪያዋ ቃል "ሪዮ" ናት፤ ወንዝ ማለት ነው። ስትናገር "ኤል ሪዮ" በል ይላል ስልኩ። ለእኔ ምን ሊረባኝ? ቢሆንም በቃሌ ያዝኳት።

በነሐሴ አንድ ስፔናዊ ሽማግሌ ይዤ ወደ ገነተ ማርያም ወረድኩ። የተከራየናትን በቅሎ የሚነዱት አያ ካሴ ናቸው፤ የሰፈራችን ሰው፣ ምላሳቸው ለማንም አይመለስ። እኛ ያለንበት ፀሐይ ነው፤ ላይ ደጋው ግን በደመና ጠቁሯል። መንገዳችንን የሚያቋርጠው ወንዝ ቁርጭምጭሚት እንኳ አይሞላም። እኔና አያ ካሴ በቅሎዋን ይዘን ቀድመን ተሻገርን። እንግዳችን መሀል ካለ ድንጋይ ላይ ቆመው ወፍ ፎቶ ሲያነሱ ቀሩ።

ያኔ ከላይ ጉርምርምታ ተሰማ። የአያ ካሴ ፊት ተለዋወጠ። ደራሽ ጎርፍ ነው፣ ያን ቋንቋህን አውጣው እንጂ አሉኝ።

ሽማግሌውን በእጄ ጠራኋቸው፤ መዳፌን ወደ ታች አድርጌ፣ እኛ እንደምንጠራው። እሳቸው የተሰናበትኳቸው መስሏቸው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ቃሏ አፌ ላይ ናት። ግን እስቲ ንገረኝ፣ አባትህ የሚሆኑ ሰው ፊት፣ ደህና ዋሉ ሳትል "ወንዝ" ብለህ ትጮሃለህ? የላስታ ሰው እኮ ቤት ሲቃጠል እንኳ እንዴት ዋላችሁ ብሎ ነው ውሃ የሚያቀብለው። አፌን ስከፍት የወጣው ሰላምታው፣ "ብዌኖስ ዲያስ" ሆነ። ጎንበስም አልኩ።

ደስ አላቸው። ካሜራቸውን አውርደው አጸፋውን መለሱ። ከተጀመረ አይቋረጥ፣ እንዴት ነዎት አልኩ። ደህና ነኝ አሉ። ድንጋይ ከድንጋይ ሲላተም ይሰማኛል፤ እኔ ግን ገና "ላ ፋሚሊያ" ላይ ነኝ። ቤተሰቡስ እንዴት ነው? አያ ካሴ እኔንም ስፓኒሹንም እየረገሙ ወደ ውሃው ሊገቡ ሱሪያቸውን ሰበሰቡ።

ቤተሰብ ስል የሽማግሌው ፊት ፈካ። የልጅ ልጃቸውን ሊያሳዩኝ ስልካቸውን አወጡ። ፎቶ ደግሞ ከሩቅ አይታይ። ከድንጋዩ ወርደው፣ ስልኩን እንደዘረጉ፣ እየሳቁ ወደ እኔ መጡ። አያ ካሴ ክንዳቸውን አፈፍ አድርገው ወደ ዳገቱ ጎተቷቸው። ትንፋሻችን ሳይመለስ ውሃው ግንድ ተሸክሞ ደረሰ። የቆሙበት ድንጋይ የት እንደገባ እንጃ።

ኋላ ሽማግሌው ትከሻዬን ያዙ። ቋንቋቸውን ስማር አይተው ሊረዱኝ ፈልገው ነው መሰለኝ፣ ወደ ጎርፉ ጠቆሙና ቀስ ብለው "ኤል ሪዮ" አሉኝ።

"ኤል ሪዮ" አልኩ ተከትዬ። አያ ካሴ አፈጠጡብኝ። ምን ላድርግ? ሽማግሌ ሲያስተምር አውቀዋለሁ አይባልም።